ለትንሽ ሳተላይት የምድር ምልከታ ካሜራ አሠራር፦ ከማሳው ልክ እስከ ምህዋር ላይ ፍተሻ

ይህ መመሪያ ከ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ምድርን በ10 ሜትር ፒክስል (አንዱ የምስል ነጥብ 10 በ10 ሜትር መሬት የሚሸፍን) የሚያነሳ፣ አምስት ባንድ (የብርሃን ቀለም ክልል) ያለው ካሜራ ከወረቀት ስሌት ተነስቶ እስከ መጨረሻው ፍተሻ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። እዚህ ያሉት ቁጥሮች እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን ከነካችሁ ሌሎቹን እንደገና አስሉ። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ሴንሰሩና ሌንሱ ቀድመው ተገዝተው "ምን ልናይበት ነው?" የሚለው ጥያቄ ከኋላ ሲመጣ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ወረቀትና እርሳስ ነው።

ደረጃ 1፦ ከማሳው ተነሱ

ግማሽ ሄክታር የጤፍ ማሳ አስቡ፤ 50 በ100 ሜትር። በ30 ሜትር ፒክስል ስታዩት ከ5 እስከ 6 ፒክስል ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ጠርዝ ነክተው ከጎረቤት ማሳና ከመንገድ ጋር የተቀላቀሉ ይሆናሉ። በ10 ሜትር 50 ፒክስል ይሆናል፤ የጠርዞቹን ስታወጡ 24 ንጹሕ ፒክስል ይቀራል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ያመጠቀቻት፣ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1 የፒክስሏ ልክ 13.7 ሜትር ነበር፤ ለዚሁ ማሳ 27 ፒክስል ገደማ፣ ከነጠርዙ። ለሰብል ክትትል 10 ሜትር የሚመረጠው ለዚህ ነው። ከዚያ በታች መውረድ ያምራል፤ ግን ፒክስሉን በግማሽ ስትቀንሱ የሚያስፈልገው ብርሃንም፣ የቴሌስኮፑ ክብደትም፣ የዳታው ብዛትም አብረው ይነሱባችኋል።

ባንዶቹን እንዲህ ምረጡ፦ ሰማያዊ 490፣ አረንጓዴ 560፣ ቀይ 665፣ የቀይ ጠርዝ 705፣ ቅርብ ኢንፍራሬድ 842 ናኖሜትር። የሰብል ጤና የሚነበበው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ነው፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ለውሃ፣ ለጭጋግ እርማትና ለተፈጥሮ ቀለም ምስል ያገለግላሉ።

ደረጃ 2፦ ምህዋሩንና ፍጥነቱን አስሉ

ከፀሐይ ጋር የተመሳሰለ ምህዋር ያዙ፤ ሳተላይቱ ባለፈ ቁጥር በተመሳሳይ የአካባቢ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያልፋል። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በቂ ከፍታ አላት፣ የከሰዓት ደመናም ገና አልተከመረም። በክረምት ግን ሐምሌና ነሐሴን የትኛውም የኦፕቲክስ ካሜራ በደመና ውስጥ አያይም፤ ይህን ለተጠቃሚው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ለነዚያ ወራት ራዳር ያስፈልጋል።

በ600 ኪሎ ሜትር ላይ ሳተላይቱ በሰከንድ 7.56 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ መሬት ላይ ያለው ጥላ ነጥቡ በሰከንድ 6.9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ 10 ሜትር ለማለፍ የሚፈጅበት ጊዜ 1.45 ሚሊሰከንድ ነው። በሰከንድ 690 መስመር ማንበብ አለባችሁ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ የሚገዛው እሱ ነው።

አነሳሱ መስመር በመስመር ይሁን፤ ሳተላይቱ ሲገፋ ምስሉ እንደ ጥቅል ይዘረጋል። ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ መስታወት አትጠቀሙ። የአሜሪካው ሳተላይት ላንድሳት 7 እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2003 የመስመር ማረሚያ መስታወቱ ተበላሽቶ ከዚያ በኋላ በየምስሉ 22 በመቶ ገደማ ዳታ አጥቷል። ጠጋኝ በማይደርስበት ቦታ የሚንቀሳቀስ ክፍል ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ደረጃ 3፦ ሴንሰርና የትኩረት ርቀት

4096 በ3072 ፒክስል፣ የፒክስል ስፋቱ 5.5 ማይክሮን የሆነ የሲሊከን ሲሞስ ሴንሰር ውሰዱ። ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ ሁሉንም ፒክስል በአንድ ቅጽበት የሚዘጋ ሹተር ያለው ይሁን፤ የምትፈልጉትን መስመሮች ብቻ ለይቶ በሰከንድ 690 ጊዜ ማንበብ ይቻል፤ አንድ ፒክስል ሳይሞላ የሚይዘው ኤሌክትሮን ከ13,000 አይነስ። መስመሮቹን በየተራ የሚዘጋ ሹተር ያለው ሴንሰር በዚህ ፍጥነት ምስሉን ያጣምመዋል።

የትኩረት ርቀቱ ቀላል ማባዛት ነው፦ ከፍታ ሲባዛ በፒክስል ስፋት፣ ሲካፈል ለመሬት ፒክስል። 600,000 ሜትር × 5.5 ማይክሮን ÷ 10 ሜትር = 330 ሚሊሜትር። የሚያነሳው ስፋት 41 ኪሎ ሜትር፣ የእይታ ማዕዘኑ 3.9 ዲግሪ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ የብርሃን መግቢያው ስፋት

መግቢያው 70 ሚሊሜትር ይሁን፤ የኤፍ ቁጥሩ (የትኩረት ርቀቱ ለመግቢያው ስፋት ሲካፈል) 4.7 ይሆናል። በ842 ናኖሜትር የብርሃን መበተን ምድር ላይ 8.8 ሜትር ነው፤ ከፒክስሉ በታች ስለሆነ ያልፋል። ከዚህ በላይ ግን የንፅፅር ማስተላለፊያ ልክ ይታይ፤ በሠራተኛው አፍ ኤምቲኤፍ። በፒክስሉ የመጨረሻ ዝርዝር ላይ፣ ማለትም በሚሊሜትር 91 መስመር ጥንድ፣ በዚሁ ቅርብ ኢንፍራሬድ ባንድ እንዲህ ይባዛል፦

የብርሃን መበተን 0.55 × የፒክስሉ ስፋት 0.64 × የሌንስ አሠራር ጉድለት 0.75 × የግማሽ ፒክስል እንቅስቃሴ 0.90 = 0.24።

ከ0.15 በላይ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። በጣም የሚያስፈራው 0.75 የተባለው ነው፤ እሱ በእጃችሁ ያለ ጉዳይ ስለሆነ። የሌንስ መጋጠሚያ በጥቂት ማይክሮን ቢዛነፍ 0.5 ላይ ይወርዳል።

ደረጃ 5፦ ፎቶን ቁጠሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የአውሮፓው የምድር ምልከታ ሳተላይት ሴንቲኔል-2 ለቀዩ ባንድ የተነደፈበት መነሻ ብርሃን በካሬ ሜትር፣ በስቴራዲያን (የጠጣር ማዕዘን መለኪያ)፣ በማይክሮሜትር 108 ዋት ነው፤ በዚህ ብርሃን የሚጠበቅበት የሲግናልና የኖይዝ (የምልክቱና የሁከቱ) ንፅፅር 142 ነው። ይኸው ግባችሁ ይሁን።

108ን በባንዱ ስፋት 0.03 ማይክሮሜትር አባዙ፤ 3.24 ይሆናል። ፓይን (3.14) ለአራት እጥፍ የኤፍ ቁጥር ካሬ አካፍሉ፤ 0.0353። የፒክስሉ ስፋት 30.25 ካሬ ማይክሮን ነው። ሦስቱ ሲባዙ 3.46 ፒኮዋት ይሰጣሉ። ኦፕቲክሱና ፊልተሩ 70 በመቶውን ቢያሳልፉ 2.4 ፒኮዋት ይደርሳል። መጋለጫ ጊዜውን 0.72 ሚሊሰከንድ አድርጉት፤ የመስመሩ ጊዜ ግማሽ ነው፤ የምስል መጎተቱን በግማሽ ፒክስል የሚወስነው ይኸው ነው። የአንድ ቀይ ፎቶን ጉልበት 2.99 × 10⁻¹⁹ ጁል ስለሆነ 5,800 ፎቶን ይገባል፤ ሴንሰሩ ግማሹን ወደ ኤሌክትሮን ቢቀይር 2,900 ኤሌክትሮን።

ኖይዙ የ2,900 እና የሴንሰሩ የንባብ ኖይዝ (13 ኤሌክትሮን) ካሬ ድምር ዳግም ዘር ነው፤ 55 ገደማ። ንፅፅሩ 53 ሆነ። ከ142 በጣም ይርቃል።

ብዙዎች እዚህ ሲደርሱ መጋለጫውን ያረዝማሉ። አታርዝሙ፤ ምስሉ ይጎተታል። ደግሞም ሌላውን ጫፍ ተመልከቱ፦ ፀሐይ አናት ላይ ሆና ብሩህ ደመና የሚመልሰው ብርሃን እስከ 480 ዋት ይደርሳል፤ ያ 13,000 ኤሌክትሮን ነው፤ ፒክስሉ ሊሞላ ጫፍ ላይ ነው። መጋለጫው በእጥፍ ቢረዝም ደመናው ሞልቶ ይፈሳል።

ደረጃ 6፦ መስመር ደምሩ

መፍትሔው አንዱን መሬት ስምንት ጊዜ በስምንት ተከታታይ መስመሮች አንስቶ በዲጂታል መደመር ነው። በኤፍፒጂኤ (እንደ ሥራው ሊዋቀር በሚችል) ቺፕ ውስጥ የመጀመሪያው መስመር ያየውን ሁለተኛው ከ1.45 ሚሊሰከንድ በኋላ ሲያየው ይደመርለታል፤ እስከ ስምንተኛው። ድምሩ 23,400 ኤሌክትሮን፣ ኖይዙ 157፣ ንፅፅሩ 149። እያንዳንዱ ንባብ ለብቻው ስለሆነ ደመናም አያጥለቀልቀውም። ጥቁር መሬትና ጥቅጥቅ ያለ ደን በቀዩ ባንድ 20 ዋት ብቻ ቢመልሱ እንኳ 57 ይገኛል።

የቀይ ጠርዝ ባንዱ ጠባብ፣ 15 ናኖሜትር ስለሆነ 16 መስመር ስጡት። ቅርብ ኢንፍራሬድ ላይ ሲሊከን ይደክማል፤ ከፎቶኖቹ ወደ ኤሌክትሮን የሚቀይረው 22 በመቶ ገደማ ነው፤ ባንዱን ወደ 60 ናኖሜትር ስታሰፉት ከቀዩ ጋር ይመጣጠናል።

መደመሩ የራሱን ዕዳ ያመጣል፦

የምድር መሽከርከር። በኢትዮጵያ ኬክሮስ መሬት በሰከንድ 459 ሜትር ወደ ምሥራቅ ይሸሻል። ሳተላይቱ 3.8 ዲግሪ ገደማ ራሱን ዞር ካላደረገ በስምንት መስመር ግማሽ ፒክስል፣ በ16 መስመር አንድ ሙሉ ፒክስል ወደ ጎን ይንሸራተታል። የሳተላይቱን አቅጣጫ የሚቆጣጠረው ቡድን ይህን መጀመሪያ ላይ ካልሰማ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

መረጋጋት። የአንድ ፒክስል ማዕዘን 16.7 ማይክሮራዲያን ነው። ስምንቱ መስመር በሚያልፍበት 11.6 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከሩብ ፒክስል በላይ እንዳይንሸራተት የመዞር ፍጥነቱ ስህተት በሰከንድ ከ0.02 ዲግሪ በታች መሆን አለበት።

የመሬቱ ከፍታ። ከዳናኪል እስከ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ልዩነት አለ፤ የመስመሩን ፍጥነት በ0.8 በመቶ ገደማ ይቀይራል። በስምንት መስመር 0.06 ፒክስል ነው፣ ይለፍ። 64 መስመር ለመደመር ካሰባችሁ ግን ግማሽ ፒክስል ይሆናልና የመስመሩን ፍጥነት በካርታ አስተካክሉ።

የዳታው መጠንም እዚሁ ይታወቃል፦ ከሴንሰሩ የሚወጣው 48 መስመር × 4096 × 690 × 10 ቢት፣ በሰከንድ 1.36 ጊጋቢት ነው። ከተደመረ በኋላ አምስቱ ባንዶች በ12 ቢት 170 ሜጋቢት ይሆናሉ። አምስት ደቂቃ ብታነሱ 6.4 ጊጋባይት።

ደረጃ 7፦ ፊልተር

ባንዶቹን እንደ ጥብጣብ የያዘ አንድ የመስታወት ፊልተር ከሴንሰሩ ፊት አስቀምጡ። ፊልተሩ 1 ሚሊሜትር ከፍ ቢል፣ በኤፍ 4.7 የብርሃኑ ሾጣጣ እዚያ ላይ 0.21 ሚሊሜትር፣ ማለትም 39 ፒክስል ይሰፋል። በሁለት ጥብጣቦች መካከል ቢያንስ 60 መስመር ጥቁር ማገጃ ካልተዋችሁ ቀዩ ከቀይ ጠርዙ ጋር ይቀላቀላል።

ብርሃኑ አጋድሎ ሲገባ የፊልተሩ ባንድ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል፤ በ10 ዲግሪ 3 ናኖሜትር ገደማ፣ በ5 ዲግሪ 0.8። ስለዚህ ከሌንሱ የሚወጣው ዋና ጨረር ከ5 ዲግሪ በታች እንዲሆን ንድፍ ሠሪውን ጠይቁ። ሌላው ወጥመድ ፍሳሽ ነው፦ ሰማያዊ ፊልተር 900 ናኖሜትር ላይ በትንሹ ቢያሳልፍ፣ ሣር በዚያ በኩል ብሩህ ስለሆነ ሰማያዊ ምስላችሁ የሣር ምስል ይሆናል። ፊልተሩን ከ400 እስከ 1,100 ናኖሜትር በሞኖክሮማተር (ብርሃንን በሞገድ ርዝመት ለይቶ በሚያወጣ መሣሪያ) ለኩት፤ ከባንዱ ውጭ የሚገባው ድምር ከ1 በመቶ አይብለጥ።

ከሲሊከን ውጭ ለምትሄዱ። ቅዝቃዜ የማያስፈልገው የሙቀት ሴንሰር፣ ማይክሮቦሎሜትር፣ ርካሽና ቀላል ስለሆነ ያጓጓል። ሁለት ነገር አስሉ፦ በ10 ማይክሮን ሞገድ በዚሁ 70 ሚሊሜትር መግቢያ የብርሃን መበተኑ 105 ሜትር ነው፤ ሴንሰሩ ለመሞቅና ለመቀዝቀዝ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ከፈለገ ደግሞ በዚያ ጊዜ መሬቱ 69 ሜትር አልፏል። ለእሳት ቃጠሎና ለከተማ ሙቀት ይሆናል፤ ለማሳ አይሆንም። የኢንዲየም ጋሊየም አርሰናይድ ሴንሰር እስከ 1,700 ናኖሜትር ያያል፣ የአፈርና የቅጠል እርጥበት ይለያል፤ ግን ጨለማ ኤሌክትሮኑ ብዙ ስለሆነ ማቀዝቀዣ ይዞ ይምጣ።

ደረጃ 8፦ አካሉና ሙቀቱ

ፎከሱ የሚታገሰው ወደፊትና ወደኋላ 30 ማይክሮን ብቻ ነው። ግማሹን ለሙቀት ስጡ፤ 15 ማይክሮን። 330 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ቱቦ በአንድ ዲግሪ 7.8 ማይክሮን ይረዝማል፤ ሁለት ዲግሪ ላይ በጀታችሁ አለቀ። ታይታኒየም 2.8፣ ኢንቫር (የብረትና የኒኬል ቅይጥ) 0.4 ማይክሮን ነው። ካርቦን ፋይበር ከሁሉም ቀሎ ሊረጋ ይችላል፤ ነገር ግን እርጥበት ይጠጣል፣ ህዋ ላይ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከመገጣጠሙ በፊት አድርቁት።

ለማጣበቂያ፣ ለቀለምና ለሽቦ ሽፋን በቫኪዩም ከክብደታቸው ከ1 በመቶ በታች የሚተን፣ በቀዝቃዛ ቦታ የሚጤዘውም ከ0.1 በመቶ በታች የሆነውን ብቻ ተጠቀሙ። የሚተነው ሄዶ የሚያርፈው ቀዝቃዛው ሌንስ ላይ ነው። የፊተኛው ሌንስ ከፊውዝድ ሲሊካ ወይም ጨረር ከሚቋቋም መስታወት ይሁን፤ ተራው በጨረር ይጠወልጋል፣ ወደ ቡናማ ይሄዳል።

ደረጃ 9፦ ፎከስ

አብዛኛው ትንሽ ካሜራ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ እባካችሁ አትቸኩሉ።

የሌንስ ካሜራ በአየር ውስጥ ፎከስ ካደረጋችሁትና ወደ ህዋ ከላካችሁት፣ አየሩ ሲጠፋ የሌንሱ ብርሃን የመስበር ኃይል ከፍ ይላል፤ የትኩረት ርቀቱ በባሕር ወለል አየር ከተለካው 0.27 ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል። ይህ ከምትታገሱት 30 ማይክሮን ዘጠኝ እጥፍ ነው። ሌላም አለ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ሳስቷል፤ እዚያ ያለው ለውጥ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የውጭ አምራች በባሕር ወለል ላብራቶሪ ያወጣውን የማካካሻ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ እንዳለ ከወሰዳችሁት ካሜራው በ0.07 ሚሊሜትር ይስታል፤ ምስሉ ለዘለዓለም ብዥ ይላል። ያለ ሌንስ፣ በሚያንጸባርቅ መስታወት ብቻ የተሠራ ቴሌስኮፕ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ገንዘቡ ካለ እሱ ይመረጣል። ሌንስ ከሆነ በወቅቱ ያለውን የአየር ግፊትና ሙቀት እየመዘገባችሁ ሥሩ።

አሠራሩ፦ የትኩረት ርቀቱ ቢያንስ 1 ሜትር የሆነ ኮሊሜተር (ብርሃኑን ከሩቅ እንደመጣ ትይዩ አድርጎ የሚልክ መሣሪያ) ፊት ለፊት አቁሙ፤ ውስጡ በትንሹ ያጋደለ ስለታማ ጠርዝ ይኑር። ከሴንሰሩ ሥር በሦስት ነጥብ የሚያርፍ ሺም (ከፍታ ማስተካከያ ስስ ንጣፍ) አስገቡ፤ በ25 ማይክሮን ልዩነት ሰባት ቦታ ሞክሩ። በየቦታው ኤምቲኤፉን በመሃል፣ በግራና በቀኝ ለኩ። ነጥቦቹ ላይ ኩርባ አሳልፉ፤ ጫፉ ፎከሳችሁ ነው። የግራውና የቀኙ ጫፍ ከ15 ማይክሮን በላይ ከተራራቁ ሴንሰሩ አጋድሏል፣ ከሦስቱ ሺም አንዱን ቀይሩ። ከዚያ ካሜራውን ቫኪዩም ክፍል አስገብታችሁ በመስኮቱ በኩል ደግማችሁ ለኩ። መስኮቱ ራሱ በግፊት ታጥፎ እንደ ደካማ ሌንስ ስለሚሠራ እሱንም ለብቻው ለኩት።

ሁለት የተለያየ መለኪያ ይኑራችሁ። የሐብል ቴሌስኮፕ ዋና መስታወት እ.ኤ.አ. በ1990 ህዋ ላይ ሲታይ ጠርዙ በ2.2 ማይክሮን ጠፍጥፎ ተገኘ፤ ምክንያቱ የመለኪያው አንድ ክፍል በ1.3 ሚሊሜትር መዛነፉ ነበር። ሌሎች ቀላል መለኪያዎች ስህተቱን አሳይተው ነበር፤ ዋናው መለኪያ ስለታመነ ችላ ተባሉ። ሁለት ልኬት ካልተስማማ ሥራውን አቁሙ።

ደረጃ 10፦ ንጽሕናና የሚንከራተት ብርሃን

ሴንሰሩን የምትከፍቱት በተጣራ አየር ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። 20 ማይክሮን የሆነች ብናኝ ፊልተሩ ላይ ብታርፍ ጥላዋ በ39 ፒክስል ላይ ተዘርግቶ 1 በመቶ ያህል ብቻ ያጨልማል፤ በካሊብሬሽን (በልኬት እርማት) ይጠፋል። ያቺው ብናኝ ሴንሰሩ ገጽ ላይ ብታርፍ ሦስት አራት ፒክስል ትሸፍናለች፣ በምስሉ ርዝመት ሁሉ ጥቁር ሰንበር ትተዋለች።

የሌንሶቹን ጠርዝና የቱቦውን ውስጥ ጥቁር ቀቡ፤ ከፊት የፀሐይ መከለያ አድርጉ። ከዚያ በጨለማ ክፍል ብርቱ መብራት ከእይታው ውጭ እያዞራችሁ ሴንሰሩ የሚያየውን መዝግቡ። መንታ ጥላ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ በፊልተሩና በሴንሰሩ መካከል የሚመላለስ ብርሃን ነው።

ደረጃ 11፦ ንዝረትና ቫኪዩም

ማስወንጨፊያው ከታወቀ የእሱን የንዝረት ልክ ውሰዱ፤ ካልታወቀ የናሳ አጠቃላይ የብቃት ልክ 14.1 ጂ አርኤምኤስ (በምድር ስበት ልክ የሚቆጠር አማካይ የንዝረት ብርታት) ነው። ከንዝረቱ በፊትና በኋላ በዝቅተኛ ኃይል የተፈጥሮ ድግግሞሹን ለኩ። ከ5 በመቶ በላይ ከተለወጠ ብሎን ላልቷል ወይም ማጣበቂያ ተሰንጥቋል፤ ፈታችሁ ፈልጉ። ኤምቲኤፉንም ድገሙ። ከዚያ ክፍሎቹን በቫኪዩም በ50 ዲግሪ ለ72 ሰዓት አድርቁ፤ ቀጥሎ ከሚጠበቀው ሙቀትና ቅዝቃዜ 10 ዲግሪ አልፋችሁ ቢያንስ አራት ዙር አመላልሱት፣ በየጫፉ ፎከሱን እየለካችሁ።

ደረጃ 12፦ ካሊብሬሽን

ምድር ላይ፦ መክደኛውን ዘግታችሁ በየሙቀቱ የጨለማ ምስል አንሱ። ከዚያ ውስጡ ነጭ የሆነ የብርሃን ሉል ፊት ቢያንስ በአምስት የብርሃን ደረጃ፣ በየደረጃው 100 ምስል አንሱ። ከዚህ የእያንዳንዱ ፒክስል ብርታትና ቀጥተኛነት ይወጣል። ሉሉ ራሱ የተረጋገጠ ልኬት ከሌለው ግን ዋት የሚባል ቁጥር አትጻፉ።

ምህዋር ላይ፦ ጨለማውን በሌሊት ከውቅያኖስ በላይ፣ የፒክስሎቹን ብርታት ደግሞ ሳተላይቱን 90 ዲግሪ አዙራችሁ በበረሃ ላይ ለኩ፤ ያኔ ሁሉም ፒክስል ተራ በተራ በአንድ መሬት ላይ ያልፋል። ለፍጹም ልኬት በመሣሪያ የሚለኩ ጣቢያዎች አሉ፤ ናሚቢያ ጎባቤብ፣ ፈረንሳይ ላ ክሮ፣ አሜሪካ ሬልሮድ ቫሊ፣ ቻይና ባዎቱ። የጊዜ ለውጥን ለመከታተል ሊቢያ-4 የሚባለው የአሸዋ ሜዳ ይጠቅማል፤ ዓመት እስከ ዓመት እምብዛም አይለወጥም። መጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ ለኩ። የሰማያዊ ባንዱ ብርታት ከሌሎቹ ቀድሞ መውረድ ከጀመረ ሌንሱ ላይ የተነነ ነገር እየተቀመጠ ነው፤ ማሞቂያ ካስገባችሁለት ለጥቂት ቀናት ሞቅ አድርጉትና እንደገና ለኩ።